የዊንዶውስ ጨዋታ በሌላ ቤት
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ስለ ኮምፒውተር ክፍላችን ከቀረበው ንግግር የተወሰደ)

ሰብሳቢያችን የፈቀደችልኝ ጊዜ ከአቦል እስከ በረካ ነው። በረካው ሲቀርብ ዝም እላለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባለፈው ስብሰባ በኮምፒውተር ክፍላችን ነገር ተከራክረን ሳንስማማ ተለያይተናል። ያልነበራችሁ እንድትሰሙት ባጭሩ ልድገመው። ስድስቱ ኮምፒውተሮች አርጅተዋል። የሚሠሩት በዊንዶውስ 10 ነው። ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። የእኛዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ኮምፒውተሮቹ ነገ ጠዋት አይቆሙም፤ ይሠራሉ። ነገር ግን አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር እንደ ድሮው በመደበኛነት የሚደፍንላቸው የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ቀረበ፦ እነዚህን ሸጠን፣ ከተዘዋዋሪ ብድሩ ገንዘብ ጨምረን፣ አዲስ እንግዛ። እኔ የተቃወምሁት ይህንን ነው። በዚህ ዙር ብድር የሚጠብቁ ሦስት እህቶች አሉ። አንዷ በግ ልታደልብ፣ አንዷ ባልትና ልትጀምር፣ ሦስተኛዋ የዶሮ ቤቷን ልታሰፋ ነው። ኮምፒውተር ከገዛን የእነርሱ ተራ ወደ መጪው ዓመት ይሻገራል። በግ የሚደለበው ለበዓል ነው፤ በዓሉ ደግሞ የእኛን ስብሰባ አይጠብቅም።

ታዲያ እኔ ያቀረብሁት በነጻ የሚገኝ ሊኑክስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአሮጌዎቹ ላይ እንጫን የሚል ነበር። ወዲያው ገንዘብ ያዣችን ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «የክፍሉን ኪራይ የሚከፍልልን ልጆቹ በሰዓት እየከፈሉ የሚጫወቱት ጌም ነው። ጌሙ ሁሉ የዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ከጫንሽ ልጆቹ ወደ ሌላ ጌም ቤት ይሄዳሉ።» ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። ዛሬ የመጣሁት ለዚሁ መልስ ይዤ ነው።

በመጀመሪያ ጌሙ ለምን «የዊንዶውስ» ተባለ? ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ዊንዶውስ ቢጫንበትም ሊኑክስ ቢጫንበትም ያው ነው፤ መደመሩንም መቀነሱንም እንደዚያው ይሠራል። ልዩነቱ ጌሙ አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ ላይ ነው። ጌም ብቻውን ምንም አይሠራም። «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይህን ሥዕል ስክሪኑ ላይ አውጣልኝ፣ ይህን ድምፅ አሰማልኝ፣ ልጁ የትኛውን ቁልፍ እንደ ተጫነ ንገረኝ» እያለ ያለማቋረጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይለምናል። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም የሚለምነው በዊንዶውስ ቋንቋ ነው። ሊኑክስ ይህን ሁሉ መሥራት ይችላል፤ ፋይልም ይከፍታል፣ ድምፅም ያሰማል። የሚጠራበት ስም ሌላ ስለሆነ ብቻ አይሰማውም።

እንጅባራ ገበያ ሄዳችሁ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ሻጯ አገውኛ ብቻ፣ ገዢዋ አማርኛ ብቻ ብትናገር ድንቹ ያው ድንች ነው፤ ብሩም ያው ብር ነው። የጠፋው መግባቢያ ብቻ ነው። መሐል ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ አንዲት ሴት ከቆመች ገበያው ይሄዳል። እርሷ ድንቹን አትሸከምም፣ ብሩንም አትቆጥርም፤ ቃሉን ብቻ ታሻግራለች።

በኮምፒውተር ዓለም ያቺ ሴት ዋይን ትባላለች። አዎ፣ በእንግሊዝኛ ወይን ጠጅ ማለት ነው፤ እየሳቃችሁ ያላችሁትን አይቻለሁ። ስሙ ግን የቃል ጨዋታ ነው። ፊደሎቹ ሲፈቱ «ዋይን አስመሳይ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል፤ ስሙም ተመልሶ በራሱ ውስጥ ይገባል። ቅኔ በሚዘረፍበት በጎጃም ምድር እንዲህ ያለው ስም አይገርምም። «አስመሳይ አይደለም» ያሉበትም ምክንያት አለው። ሌላውን ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ቤት እንደ መሥራት ነው። እነዚያ ሜሞሪ ይበላሉ፣ ያዘግማሉ፣ ውስጣቸው የሚጫነው ዊንዶውስም ፈቃድ ይጠይቃል። ዋይን ቤት አይሠራም፤ ያስተረጉማል። በዚህም የተነሣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ፍጥነቱ ብዙ አይጎዳም።

ሥራው የተጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1994 ጀምሮ የሚመራው አሌክሳንደር ጁሊያር የሚባል ሰው ነው። የመጀመሪያው «የተረጋጋ ነው» ተብሎ የወጣው ዋይን 1.0 ግን ሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. ላይ ነው የደረሰው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። ለምን ይህን ያህል ቆየ? ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ውስጠ ሥራ አላካፈላቸውም፤ ገልብጠው ቢወስዱ ደግሞ ስርቆት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ ከውጭ ሆነው፣ «ይህን ብንጠይቀው ምን ይመልሳል?» እያሉ እየፈተኑ የራሳቸውን መልስ ጻፉ። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ ሁሉ ለማንም በነጻ ነው የተሰጠው። ሕጋዊ ነውን? ብላ የጠየቀችኝ ነበረች። አዎ፣ ሕጋዊ ነው። ሕገ ወጥ የሚሆነው ያልተከፈለበትን ጌም ሰብሮ መጫን ነው። ያ ደግሞ በዊንዶውስም ላይ ያው ነው።

ለጌም ትልቁ ለውጥ የመጣው በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስቲም የተባለውን ትልቅ የጌም መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ የተባለ ኩባንያ በዋይን ላይ ተመሥርቶ ፕሮቶን የሚባል አስተርጓሚ አወጣ። ዋይን ብቻውን የሚቸገረው በሥዕሉ ላይ ነበር። ፕሮቶን የዊንዶውስን የሥዕል ትእዛዝ ሊኑክስ ወደሚያውቀው ቩልካን ወደሚባል መንገድ የሚያዞር ክፍል ጨመረበት። ኩባንያው ይህን ለጽድቅ አላደረገውም፤ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. በእጅ የሚያዝ፣ በሊኑክስ የሚሠራ የራሱን የጌም መሣሪያ መሸጥ ጀመረ፤ የሚሸጥለት ደግሞ የዊንዶውስ ጌሞች ሲሠሩበት ነው። ለእኛ ጥሩ ሆነ። ባለጸጋ ለራሱ ግቢ ያወጣው መንገድ ለጎረቤትም ይተርፋል። ዛሬ የትኛው ጌም በሊኑክስ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ተጫዋቾች ራሳቸው ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ እያሉ ደረጃ የሚሰጡበት ፕሮቶን ዲቢ የሚባል መዝገብ አለ፤ ጌም ከመጫን በፊት እርሱን ማየት ብዙ ድካም ያድናል።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። ልጆች የሚጫወቱትን ስጠይቅ አንድ ነገር አስደሰተኝ። ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2 የሚባል የድሮ የጦርነትና የመንግሥት ግንባታ ጌም አለ፤ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መንግሥታት የሚል ተጨማሪ ሲወጣለት ኢትዮጵያውያን ገቡበት። ልዩ ወታደራቸው ሾተል የያዘ ተዋጊ ነው፤ የዮዲትን ታሪክ የሚከተል ዘመቻም አለው። ከሁሉም ይልቅ እኔን የያዘኝ፣ ገበሬውን ወይም ወታደሩን በማውሱ ሲነኩት በአማርኛ መመለሱ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የእንግሊዝኛ ጌሞች ሲጫወት ያደገ ልጅ ኮምፒውተሩ በእናቱ ቋንቋ ሲመልስለት ፊቱ ላይ የሚታየውን እናንተም አንድ ቀን መጥታችሁ እዩት። ሲቪላይዜሽን 5 በሚባለው ሌላ ጌም ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ተጨማሪ ክፍል ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ መሪ ሆነው ቀርበዋል፤ እርሳቸውም በአማርኛ ነው የሚናገሩት።

የመጀመሪያው የሊኑክስ ቅጂ የለውም። በሊኑክስ የሚሠራው በአስተርጓሚዋ በኩል ነው፤ በደንብም ይሠራል። ሁለተኛው ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ የሊኑክስ ቅጂ አለው፤ አስተርጓሚም አያሻውም። ችግራችን ሌላ ነው፤ ሁለቱም የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ይህን ካርድ ማናችን ይዘናል? ዘመድ በውጭ አገር ያላት እስክታገኝልን ድረስ በነጻ ከሚገኙት እንጀምር። 0 ኤ.ዲ. የሚባል አለ። ከኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ ጋር የሚመሳሰል፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ፣ በሊኑክስም በዊንዶውስም የሚሠራ ጌም ነው። የጎረቤታችን የኩሽ መንግሥትም በውስጡ አለ። ለትንንሾቹ ጂኮምፕሪ የሚባል አለ። ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ጨዋታዎችን የያዘ ነው፦ ፊደል መለየት፣ መደመር፣ ማውስ መያዝ፣ ሰዓት ማንበብ። ለእነዚህ ዋይንም ፕሮቶንም አያስፈልግም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለኪራዩ የሚከፍሉት ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች ፊደል ለመለየት አይመጡም። እነርሱ የሚፈልጉት ኳስና መኪና ነው። ስለዚህ ከጽሕፈት ሱቄ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር አውጥቼ፣ አራት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን፣ ሊኑክስ ሚንት ጭኜበት ልጆቹ የሚወዷቸውን ጌሞች በዋይን ፈተንኋቸው። ከ2000 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የወጡት በአብዛኛው ተከፍተው ተጫወትንባቸው። አንድ የኳስ ጌም ሥዕሉ መጥቶ ድምፁ ጠፋ፤ ዊንትሪክስ በሚባለው አጋዥ የጎደለውን ክፍል ስጨምርለት ተስተካከለ። አዲስና ከባድ የሆነው አልተከፈተም። ያ ግን በዚያው ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስም አይከፈትም። ቩልካንን በሚገባ የማያውቅ አሮጌ የሥዕል ካርድ ያላቸው ኮምፒውተሮቻችን ደግሞ ፕሮቶንን አይችሉትም፤ በእነርሱ ላይ ዋይን በራሱ በድሮው መንገድ ሥዕሉን ያወጣል፤ ዘገም ይላል፣ ለድሮ ጌሞች ግን ይበቃል።

ፈጽሞ የማይሠሩም አሉ። ፎርትናይትና ቫሎራንት በሊኑክስ ላይ አይጫወቱም። ምክንያቱ የአስተርጓሚዋ ድክመት ሳይሆን፣ አጭበርባሪ ተጫዋች የሚይዘው ጥበቃቸው ዊንዶውስን ራሱን እስከ ሥሩ ገብቶ ማየት ስለሚፈልግ ነው። አስተርጓሚ መሐል ላይ ስትቆም ጥበቃው «አንቺ ማነሽ?» ይላል። እነዚህ ግን ያለ ኢንተርኔት አይጫወቱም። በክልላችን ኢንተርኔት ተዘግቶ የቆየባቸውን ወራት ሁላችን እናስታውሳለን፤ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ጌም ለክፍላችን ኪራይ አያስተማምንም። ልጆቹም በእነዚያ ወራት የተጫወቱት በፍላሽ የሚዞረውን ነው።

ፍላሽ ካልሁ ዘንድ፣ ከሁሉም አጥብቄ የምናገረው ነገር እዚህ ላይ ነው። የተሰበረ ጌም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይዞራል። «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚሉ አሉ፤ ዋይን ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። አስተርጓሚዋ የምትሰማውን ሁሉ ታስተረጉማለች፤ ዘፈኑንም ስድቡንም። የዊንዶውስ ቫይረስ በዋይን በኩል ቢከፈት የሚሠራ ሆኖ ከተገኘ፣ ጌሙን የከፈተው ሰው ሊነካው የሚችለውን ፋይል ሁሉ ሊያጠፋ ወይም ሊቆልፍ ይችላል። የቁጠባ መዝገባችን፣ የማን ስንት ገባ፣ የማን ስንት ቀረ የሚለው፣ ዛሬ ያለው ልጆቹ የሚጫወቱበት ኮምፒውተር ላይ ነው! ይህ በዊንዶውስም ቢሆን መቆየት የሌለበት ነገር ነው። በሊኑክስ ላይ ለልጆቹ የራሳቸው መግቢያ ስም እንከፍታለን፤ የእነርሱ ስም የእኛን ፋይል መክፈት አይችልም። ከዚያም በላይ መዝገቡ ልጅ በማይነካው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ ቅጂውም ጸሐፊያችን በምትቆልፈው ሳጥን ውስጥ በፍላሽ ይቀመጥ። ወረቀቱንም አትጣሉት።

የአማርኛ ጽሕፈቱስ? ማመልከቻ እያጻፉ የሚከፍሉን አሉ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ሊኑክስ ያለምንም አስተርጓሚ ያነብበዋል፣ ይጽፈዋልም። የሚያስቸግሩት ከዚያ ቀድሞ በነበረው አሠራር፣ በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፉት ፋይሎች ናቸው፤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ተዘበራርቆ ይመጣል። ለእነርሱ ሲባል አንዱን ኮምፒውተር በዊንዶውስ እንዳለ፣ ከኢንተርኔት ነጥለን እናስቀምጠው።

ስለ ስልክ ጌም የጠየቃችሁኝም አላችሁ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የሚባል፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበት ጌም ሠርቷል፤ ገበጣንም በስልክ አውጥቶታል። እነዚህ ለአንድሮይድ የተሠሩ ናቸው። አንድሮይድ ሥሩ ሊኑክስ ነው። ነገር ግን የስልክ ፕሮሰሰር ከኮምፒውተር ፕሮሰሰር ስለሚለይ እዚህ ላይ ቃል ማሻገር ብቻ አይበቃም። ዌይድሮይድ የሚባል መንገድ አለ፤ በእኛ አሮጌዎች ላይ ግን ይከብዳል። ለገበጣ ግን ኮምፒውተር ምን ያስፈልጋል? በጠጠርና በጉድጓድ ይጫወቱ፤ ማን እንዳሸነፈ ላይ መጣላቱ እንኳ ይጣፍጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። በከተማችን ጌም ቤቶች ውስጥ ሴት ልጅ ስትጫወት ያያችሁ ስንት ናችሁ? ጠባብ ክፍል፣ ጩኸት፣ ስድብ። የትኛዋ እናት ልጇን ትልካለች? ወንዶቹ ግን ጌም ለመጫን ሲሉ ሳያውቁት ፋይል መቅዳት፣ ፎልደር መክፈት፣ የጎደለ ክፍል ፈልጎ ማግኘት ይለምዳሉ። ወደ ኮሌጅ ሲገቡ ያንን ይዘው ነው የሚገቡት፤ ሴቷ ልጅ ማውስ መያዝ ከዚያ ትጀምራለች። ክፍላችን የእናቶች ነው ብለን ከከፈትነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ልጆች ብቻ ይሁን፤ ግማሽ ዋጋም ይክፈሉ። ሊኑክሱን የሚጭኑትም እነርሱ ይሁኑ። መጫኑ አንድ ፍላሽና አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ እጄን ግን ኪቦርዱ ላይ አላሳርፍም።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። በመጀመሪያ አንዱን ኮምፒውተር ብቻ፣ ያውም ከሁሉ ያረጀውን፣ እንቀይር። ፋይሎቹ ከመነካታቸው በፊት ቅጂ ይውጣ። ለአንድ ወር ልጆቹ በሁለቱም ይጫወቱ፤ ገንዘብ ያዣችን የሊኑክሱን ገቢ ለብቻ ትመዝግብ። ገቢው ከሌሎቹ ካነሰ እኔው ራሴ ዊንዶውሱን መልሼ እጭነዋለሁ፤ ቅጂው አለ። ካላነሰ የቀሩትን አራቱን እንቀጥል፤ አንዱ ለድሮ ጽሕፈት ይቅር። የብድሩ ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ለሦስቱ እህቶች ይሰጥ፤ በዚህኛው ዙር።

በረካው መጣ መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ገንዘብ ያዣችን፣ አሁን ጠይቁኝ።